ያገለገለ መኪና ገዝተው ከተጸጸቱ፦ ውሉን ከቀብድ እስከ ስም ዝውውር የማፍረሻ መንገድ

ያገለገለ መኪና ገዝተው በማግስቱ ልብዎ ከሸሸ፣ ለማንም ከመደወልዎ በፊት የደረሱበትን ደረጃ ይለዩ። ቀብድ ብቻ ከሰጡ መውጫው ቀላል ነው፤ ዋጋውም የታወቀ ነው። ውልና ማስረጃ ሄደው ከፈረሙ ያለ ሻጩ ፈቃድ ወይም ያለ በቂ ምክንያት አይወጡም። ሊብሬው (የመኪናው የባለቤትነት ደብተር) በስምዎ ከዞረ ደግሞ ውል ከማፍረስ ይልቅ መልሶ መሸጥ አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል።

መኪና የገዛ ሰው «ሐሳቤን ቀይሬአለሁ» ብሎ የሚመልስበት የማሰላሰያ ቀን በኢትዮጵያ ሕግ የለም። «ሦስት ቀን አለህ» የሚባለው ወሬ ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ እዚያም ቢሆን ለመኪና አይሠራም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ የ3 ቀን ደንብ በዋናነት የሚመለከተው ሻጩ ገዢው ቤት ድረስ ሄዶ የሚሸጠውን ዕቃ ነው፤ ከመኪና መሸጫ ቅጥር ግቢ የተገዛን መኪና አይነካም። ዋሽንግተን ወይም ዳላስ ያለ ዘመድዎ መኪና መልሶ ከሆነ፣ ወይ ድርጅቱ በራሱ ፖሊሲ የመመለሻ ቀን ሰጥቶታል፣ ወይ ውሉ ላይ ተጽፎለታል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ኢትዮጵያ ውስጥ ስለተገዛ መኪና ነው።

ቀብድ ብቻ ከሰጡ

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ ሦስት አጫጭር አንቀጾች አሉት፤ ከ1883 እስከ 1885። የመጀመሪያው ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው ይላል። ስለዚህ «ገና አልተዋዋልንም፣ ቀብድ ብቻ ነው የሰጠሁት» የሚለው ክርክር አያስኬድም። ለተጸጸተ ገዢ የሚጠቅመው ሦስተኛው ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቆ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ የተቀበለውም እጥፉን መልሶ ማፍረስ ይችላል። ምክንያት አይጠየቅም። ለምሳሌ በ1,800,000 ብር ለተስማሙበት መኪና 100,000 ብር ቀብድ ከሰጡ፣ የመውጫዎ ዋጋ 100,000 ብር ነው። የሚያፈርሰው ሻጩ ከሆነ ደግሞ 200,000 ብር ይመልስልዎታል።

ነገሩ እንዲህ የሚቀለው ወረቀቱ ላይ «ቀብድ» የሚለው ቃል ካለ ነው። ብዙ ደላሎች በሚያዘጋጁት ወረቀት ላይ የሚገኘው «ቅድሚያ ክፍያ» ወይም «ከሽያጩ ዋጋ ላይ ይህን ያህል ብር ተከፍሏል» የሚል ነው። ይህ የዋጋው ከፊል ክፍያ ነው፤ ጥለውት የሚወጡበት በር አይደለም። ከፊል ክፍያ ከፍለው ቢያፈርሱ ሻጩ ውሉ እንዲፈጸም ወይም የደረሰበት ኪሳራ እንዲካስ መጠየቅ ይችላል። በሌላ በኩል፣ ቀብድ ያልተባለን ገንዘብ «ቀብድ ነው፣ ቀርቷል» ብሎ በደፈናው ሊያስቀረው አይገባም። ገና ያልከፈሉ ካሉ፣ በባንክ ሲያስተላልፉ የክፍያው ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ «ቀብድ» ብለው ያስሞሉ፤ አንድ ቃል ናት፣ ግን በኋላ ክርክሩን ታሳጥራለች።

ይህ መብት ለዘላለም አይቆይም። ቀሪውን ዋጋ ከፍለው መኪናውን ከተረከቡ ቀብዱ ከዋጋው ጋር ተቀላቅሏል፤ ከዚያ ወዲያ «ቀብዴን ለቀቅኩ» ማለት አይቻልም።

ገደብ መውጫ አይደለም

በመኪና ሽያጭ ውሎች መጨረሻ ላይ እንዲህ የምትል አንቀጽ አትጠፋም፦ «ከሁለታችን ይህንን ውል ያፈረሰ ወገን ለውል አክባሪው ወገን ብር 50,000 ገደብ ከፍሎ ውሉ በፍ/ብ/ሕ/ቁ 1731፣ 1889 እና 2005 መሠረት የጸና ይሆናል።» ብዙ ሰው ይህን አንብቦ «እንግዲህ 50,000 ከፍዬ እገላገላለሁ» ይላል። አንቀጹን ቀስ ብለው መልሰው ያንብቡት፤ የሚለው ከፍሎ ውሉ የጸና ይሆናል ነው። ቀብድ በር ይከፍታል፣ ገደብ ግን ቅጣት ነው። ሻጩ ጉዳት መድረሱን ማስረዳት ሳያስፈልገው ገደቡን ሊጠይቅ ይችላል፤ ወይም ገደቡን ትቶ «ቀሪውን ክፈለኝ፣ መኪናውን ተረከበኝ» ሊል ይችላል። ምርጫው የእሱ ነው።

ወረቀትዎ ላይ ቀብድም ገደብም አብረው ተጽፈው ከሆነ፣ የቀብዱን መብት «ሌላ ስምምነት» አስቀርቶታል ወይስ አላስቀረውም የሚል ክርክር ይነሣል። ደብዳቤ ከመጻፍዎ በፊት ወረቀቱን ለጠበቃ ማሳየት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ከጠቅላላው ሒደት የአንድ ሰዓት የምክር ክፍያ ዋጋ የሚያወጣበት ቦታ ይህ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ማስታወቂያው እንዴት ይጻፋል

በስልክ የተባለ ነገር አልተባለም ይባላል። በወሰኑበት ቀን መጀመሪያ በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት ለሻጩ ይጻፉ፤ ቀጥሎ ያንኑ ፈርመው በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላኩ፣ ደረሰኙንም ያስቀምጡ። ለደላላው መንገር ለሻጩ እንደ መንገር አይቆጠርም፤ ደላላው ሽያጩ እንዲያልቅ ስለሚፈልግ «ቆይ እኔ አነጋግረዋለሁ» እያለ ቀናት ሊያስበላዎት ይችላል።

ለቀብድ ይህን ያህል ይበቃል፦

«በዚህ ቀን ባደረግነው ውል የሰሌዳ ቁጥሩ ይህ ለሆነው መኪና ብር 100,000 ቀብድ ሰጥቼዎታለሁ። በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 መሠረት ቀብዱን ለቅቄ ውሉን ማፍረሴን አሳውቃለሁ። ይህ ማስታወቂያ ከደረሰዎት ጊዜ ጀምሮ መኪናውን ለፈለጉት ሰው መሸጥ ይችላሉ።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር አትቅር። ሻጩ «እርስዎን ስጠብቅ ሌላ ገዢ አመለጠኝ» የሚልበትን ቀን ትቆርጣለች። ሌላው ጥንቃቄ ምክንያቶችን አለማደባለቅ ነው፤ ቀብዱን ለቀው እየወጡ «ሞተሩም ችግር አለበት» ብለው አይጨምሩ። የሞተሩ ችግር እውነተኛ ከሆነ ቀብዱን መልቀቅ አይገባዎትም፤ የጉድለት መንገድ ተከትለው ገንዘቡን ሙሉ ነው የሚጠይቁት። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ።

ለቀሪው ክፍያ በሻጩ ስም ሲፒኦ (ባንክ የሚያዘጋጀው የክፍያ ማዘዣ) አሠርተው ከሆነ ዋናውን ወረቀት ለማንም አይስጡ፤ ወዳሠሩበት ቅርንጫፍ ይዘው ሄደው ያሰርዙ። ሻጩ እጅ የገባ ሲፒኦ ጥሬ ገንዘብ እንደ ማለት ነው።

ውልና ማስረጃ ከተፈረመ በኋላ፦ በስምምነት

እዚህ ደረጃ ላይ ከደረሱ የመጀመሪያው ሥራ ሻጩን ማግባባት ነው። ስለ ጸጸትዎ ማውራት አይረዳም፤ ሻጩን የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ ገንዘቡን አጥፍቶት ሊሆን ይችላል፣ ለደላላ ከፍሏል፣ እንደገና ገዢ መፈለግ ይሰለቸዋል። ስለዚህ በእጅዎ ይዘው የሚሄዱት ቅናሽ ይኑር፤ የሰነድ ክፍያዎችን እኔ እሸፍናለሁ፣ የከፈልከውን የደላላ ኮሚሽን እኔ እተካለሁ፣ ከዚህም በላይ ይህን ያህል ብር ካሳ። ከሁሉ የሚሠራው ግን ሌላ ገዢ ይዞ መቅረብ ነው። ስም ገና ካልዞረ የመጀመሪያው ውል ተሰርዞ መኪናው ከሻጩ በቀጥታ ወደ አዲሱ ገዢ ሊያልፍ ይችላል፤ የስም ማዛወሪያ ወጪውም አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል። አዲሱ ገዢ 50,000 ብር ቀንሶ ቢገዛ እንኳ ልዩነቱን እርስዎ ችለው ከሁሉም መንገድ በርካሽ ሊወጡ ይችላሉ።

ስሙ ገና አለመዞሩ ሻጩንም ያስጨንቀዋል። በአንቀጽ 2081 መሠረት መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ተጠያቂ ነው፤ ተጎጂ ደግሞ መጀመሪያ የሚሄደው ሊብሬው ላይ ወዳለው ስም ነው። ይህን ማስፈራሪያ አያድርጉት፤ ነገር ግን «እስክንጨርስ መኪናዋን አላንቀሳቅሳትም፣ አንተም ቶሎ ጨርስ» ማለት ለሁለታችሁም ይጠቅማል።

ከተስማማችሁ ሁለታችሁም መታወቂያችሁንና የመጀመሪያውን ውል ቅጂዎች በሙሉ ይዛችሁ ወደ ውልና ማስረጃ ትሄዳላችሁ፤ በመጀመሪያው ውል ላይ የትዳር ጓደኛ ፈርሞ ከሆነ እሱም ወይም እሷም መቅረብ ያስፈልጋል። የሚፈረመው የውል መሰረዣ ስምምነት የቀድሞውን ውል ቁጥርና ቀን፣ የሰሌዳ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ የተከፈለውን ገንዘብ፣ የሚመለሰውን ገንዘብና በምን እንደተመለሰ፣ የመኪናውን ኪሎሜትር፣ በመጨረሻም «ከዚህ በኋላ በዚህ ውል ምክንያት የምንጠያየቀው የለም» የሚል ቃል ይዞ ይገኝ። ይህች የመጨረሻ ሐረግ ከሌለች ገንዘቡን ከመለሰልዎ በኋላ ገደብ ሊጠይቅዎ ይችላል። ውሉ ለስም ዝውውር ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ገብቶ ከሆነ፣ መሰረዣውንም የመኪናው ፋይል ወዳለበት ቅርንጫፍ ያስገቡ።

ነገሩ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በገንዘቡና በቁልፉ ቅደም ተከተል ነው። ሻጩ «ግማሹን ሰጥቼአለሁ፣ ቀሪውን በሳምንቱ» ብሎ መሰረዣውን ካስፈረመ በኋላ፣ እርስዎ መኪናም ውልም የሌለው ገንዘብ ጠያቂ ሆነው ይቀራሉ። ገንዘቡ ወደ ሒሳብዎ መግባቱን ስልክዎ ላይ በመጣ መልእክት ሳይሆን በራስዎ የባንክ ሒሳብ አይተው ይፈርሙ፤ ቁልፉን ደግሞ ከፈረሙ በኋላ ይስጡ።

ውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋ

ክፍያ ለመቀነስ ሲባል ውልና ማስረጃ በሚቀርበው ውል ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ የመጻፍ ልማድ አለ። ለተጸጸተ ገዢ ከዚህ የከፋ ወጥመድ የለም። 1,800,000 ብር ከፍለው ውሉ 900,000 ካለ፣ ውሉ ሲፈርስ ሻጩ «የተቀበልኩት የተጻፈውን ነው» ሊል ይችላል። ሕጉም ከእሱ ጎን ነው፤ በአንቀጽ 2005 መሠረት የተፈረመ ጽሑፍ በፈራሚዎቹ መካከል የታመነ ማስረጃ ነው፣ ያንን በሰው ምስክር ማፍረስም እጅግ ከባድ ነው። «ደላላው አይቷል» የሚለው አያድንም።

ገንዘቡ በባንክ ከተላለፈ የዝውውሩን ማረጋገጫ ከባንኩ በማኅተም ያውጡ። ቀብድ የሰጡበት የመጀመሪያ ወረቀት ላይ እውነተኛው ዋጋ ተጽፎ ከሆነ እሱንም ያግኙ፤ ብዙ ጊዜ ደላላው ቢሮ ቅጂው አለ። ልዩነቱ በጥሬ ገንዘብ ከተሰጠና ምንም ወረቀት ከሌለ፣ ፍርድ ቤት ከመሄድ ይልቅ በስምምነት ማለቁን አጥብቀው ይፈልጉ፤ ወይም መኪናውን ይያዙና ይሽጡት።

ጸጸቱ ምክንያት ሲኖረው፦ የተደበቀ ጉድለት

መኪናውን ስላልወደዱት መመለስና መኪናው ጉድለት ስላለበት መመለስ የተለያዩ ናቸው። ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች ሻጩ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር ለመስማማቱና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ እንዲሆን ያስገድዱታል። ገዢው ግን የራሱ ግዴታ አለው፤ መኪናውን እንደተረከበ መመርመር፣ ጉድለት እንዳገኘም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ። ካስታወቁ በኋላ ክሱን በአንድ ዓመት ውስጥ ካላቀረቡ፣ ሻጩ በማታለል ካላዘገየዎ በቀር መብቱ ያልፋል።

ውልዎ ላይ «መኪናውን አይቼ፣ አስመርምሬ፣ ባለበት ሁኔታ ወድጄ ገዝቻለሁ» የሚል ቃል መኖሩ አይቀርም። ይህ ቃል ኮፈኑ ላይ ያለውን ጭረት፣ ያለቀውን ጎማ፣ የተሰነጠቀውን ፓራውልት ይሸፍናል፤ ማንም ሊያየው የሚችለው ስለሆነ። ሻጩ እያወቀ የደበቀውን ግን አይሸፍንም። ሲሞቅ ብቻ የሚንሸራተት ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን)፣ ለጊዜው ማጣበቂያ ተደርጎበት የተሸጠ የተሰነጠቀ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል)፣ በቀለም ስር የተበየደ ሻንሲ፣ መብራቱ እንዳይበራ ገመዱ የተቆረጠ የኤርባግ ሲስተም የዚህ ዓይነት ናቸው።

ክርክሩ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ላይ ይወድቃል፤ ጉድለቱ ሲረከቡ ነበረ ወይስ እርስዎ ጋ መጣ? ስለዚህ በተረከቡ ቀን የኪሎሜትሩን ፎቶ ያንሡ። ችግሩን እንዳዩ መንዳት ያቁሙ። ሁለት የተለያዩ ጋራዦች ዘንድ ያስመርምሩና ቀኑ፣ ኪሎሜትሩ፣ የሻንሲ ቁጥሩና ግኝቱ ያለበት ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይቀበሉ። ከተረከቡ በ3 ቀንና በ60 ኪሎሜትር የተጻፈ ወረቀት ጠንካራ ነው፤ በ3 ወርና በ4,000 ኪሎሜትር የተጻፈው ግን «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ለሚል ሰው ክፍት ነው። ከሁሉ በላይ ሻጩ ሳያየው አያስጠግኑ። ካምቢዮው ከወረደና ከተገጣጠመ ማስረጃው ጠፍቷል።

ለኤሌክትሪክ መኪና ወሳኙ የባትሪው ጤንነት ነው። ብዙ አምራቾች ለአዲስ መኪና ዋስትና የሚሰጡት ባትሪው በ8 ዓመት ውስጥ ከመጀመሪያ አቅሙ 70 በመቶ በታች እንዳይወርድ ነው፤ ስለዚህ የተወሰነ መቀነስ እንደ ጉድለት አይቆጠርም። ሻጩ «ባትሪው 95 በመቶ ነው» ብሎ በጽሑፍ መልእክት ከላከና ምርመራው 72 ካለ ግን በእጅዎ ያለው ጥሩ ማስረጃ ነው። በቃል ከሆነ ምንም አልያዙም።

ከነጋዴ ወይም ከመኪና መሸጫ ከገዙ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለጉድለት ተጨማሪ መንገድ ይሰጣል፤ ቀኑ አጭር ስለሆነ በመጀመሪያው ሳምንት በጽሑፍ ያመልክቱ።

ከተታለሉ

የተመለሰ ኪሎሜትር፣ የተቀየረ የሥሪት ዘመን፣ «ቀረጥ የተከፈለበት ነው» ተብሎ የተሸጠ ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና የማታለል ጉዳዮች ናቸው። ሳይታለሉ ቢሆን ኖሮ የማይገቡበት ውል እንደሆነ ካስረዱ በአንቀጽ 1704 መሠረት ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላሉ፤ ክሱ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። «እንደዚህ ያለ መኪና አታገኝም»፣ «ነዳጅ አታውቅም» የሚለው የሻጭ ወሬ ግን ማታለል አይባልም። ሻንሲው ተቀይሮ ወይም ሊብሬው ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ ድርድር አይጀምሩ፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የአታላይነት ወንጀል ስለሆነ ወደ ፖሊስ ይሂዱ።

ሁለት ምክንያቶች በብዛት ይነሣሉ፣ ሁለቱም ብዙ አይራመዱም። አንደኛው «በውድ ገዛሁ» ነው፤ ዋጋው መብዛቱ ብቻውን ውል አያፈርስም፣ ሻጩ ችግርዎን ወይም ግልጽ የሆነ አለማወቅዎን መጠቀሚያ ማድረጉ መታየት አለበት። ሁለተኛው «የሻጩ ሚስት አልፈረመችም» ነው። እውነት ነው፣ የቤተሰብ ሕጉ የባልና ሚስትን የጋራ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ፈቃድ ይጠይቃል። ይሁንና ውሉን መቃወም የምትችለው ያልፈረመችው ሚስት ናት፤ ገዢው ይህን ለራሱ መውጫ ሊያደርገው አይችልም።

አዲስ አበባ ውስጥ እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርስ ክርክር የሚታየው በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ውሉ ከፈረሰ ሁለታችሁም ወደነበራችሁበት ትመለሳላችሁ፤ እርስዎ መኪናውን ይመልሳሉ፣ እሱ ገንዘቡን ይመልሳል። መኪናው እስከዚያ ቆሞ ባትሪው ይሞታል፣ ጎማው ይደርቃል። ጉዳቱ ከመኪናው ዋጋ ከ5 በመቶ የማይበልጥ ከሆነ በእኛ ግምት ክሱ አያዋጣም፤ የዋጋ ቅናሽ ጠይቀው ይጨርሱ።

ስም ከዞረ፣ ወይም በውክልና ከያዙት

ሊብሬው በስምዎ ሆኖ ሻጩ መልሶ ሊቀበል ቢስማማ እንኳ፣ በተግባር አዲስ ሽያጭ ነው፤ ግምት፣ ቴምብርና የስም ማዛወሪያ እንደገና ይከፈላል። ያንን ወጪ ለሻጩ ካሳ ከሚሰጡት ጋር ደምረው መኪናውን ገበያ ላይ ቢያወጡት ከሚያጡት ጋር ያነጻጽሩ። ብዙ ጊዜ ገበያው ይሻላል።

ስም ሳያዛውሩ በውክልና ብቻ ይዘውት ከሆነ ጊዜ የለዎትም። ሻጩ ውክልናውን ሊሽረው ይችላል፤ ከሞተም ውክልናው ያበቃል፣ ከወራሾች ጋር ይጀምራሉ። መልሰው ለመሸጥ ከወሰኑ ውክልናው ለሦስተኛ ወገን መሸጥና ስም ማዛወርን በግልጽ እንደሚጨምር ዛሬውኑ ያንብቡ፤ ካልጨመረ ሻጩ በአካል መቅረብ አለበት።

መኪናውን በመለሱ ቀን ሁለት ሰዎች ባሉበት የርክክብ ወረቀት ይጻፉ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ኪሎሜትር፣ የነዳጅ መጠን፣ የቁልፍ ብዛት፣ ክሪክና ትርፍ ጎማ መኖሩ። ሰዓቱ አይዘለል፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ያስረከቡት መኪና በ11 ሰዓት ሰው ቢገጭ፣ ማን እጅ ላይ እንደነበረ የሚናገረው ይህ ወረቀት ነው። የሦስተኛ ወገን መድኑን በስምዎ አዛውረው ከሆነም በዚያው ቀን ለመድን ድርጅቱ በጽሑፍ ያሳውቁ።